መጽሐፉ ከቤቱ ሳይወጣ፦ የቤተ እስራኤልን የብራና መጻሕፍት በሰሜን ሸዋ ለመጠበቅ

የብራና መጽሐፍ በእሳት፣ በዝናብና በአይጥ ይጠፋል። ከእነዚህ ባላነሰ ግን ሊጠብቀው ባሰበ ሰው እጅ ይጎዳል። የተቀደደውን ቅጠል በፕላስተር የለጠፈ፣ የተፈታውን ጀርባ በሙጫ ያጣበቀ፣ የረጠበውን ፀሐይ ላይ ያሰጣ፣ «እኔ ጋ ይሻለዋል» ብሎ ከባለቤቱ ቤት ያነሣው ሰው ሁሉ በቅን ልብ ነው ያደረገው። ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ከደብረ ብርሃን እስከ መንዝ፣ ከአንኮበር እስከ ሸዋ ሮቢት ባለው አገር የቤተ እስራኤል፣ ማለትም የኢትዮጵያ አይሁድ፣ ቅርስ የሆኑ የብራናና የወረቀት መጻሕፍትን የሚመዘግብ፣ የሚያነሣና የሚያስነብብ ትንሽ ቤተ መጻሕፍት ለማቋቋም ለተነሡ ሰዎች ነው። አንድ ደረቅ ክፍል፣ ሁለት የሚተማመኑ ሰዎችና አንድ ካሜራ ለመጀመር ይበቃሉ።

መሠረቱ ይህ ነው፦ ቅጂው ይጓዛል፣ መጽሐፉ ባለበት ይቀመጣል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በዓለም ዙሪያ የተበተኑትን የዕብራይስጥ የእጅ ጽሑፎች በማይክሮፊልም ለመሰብሰብ በእስራኤል በ1950 እ.ኤ.አ. አንድ ተቋም ሲቋቋም መጻሕፍቱ በየቤተ መጻሕፍታቸው ቀርተው ፊልማቸው ነው ወደ ኢየሩሳሌም የሄደው። በአገራችንም በ1973 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ በዚሁ መንገድ በየገዳሙና በየደብሩ ያሉ መጻሕፍትን አንሥቷል፤ አንዱ የፊልም ቅጂ በአሜሪካ ሚኒሶታ በሚገኘው የሂል ቤተ መጻሕፍት ተቀምጧል። ያን ስብስብ ዓመታት ወስደው ከመረመሩትና በዝርዝር ከመዘገቡት ሊቃውንት ዋናው ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ የሸንኮራ ተወላጅ ነበሩ። ቅጂ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ለማወቅ ለሰሜን ሸዋ ሰው ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም።

ከመጽሐፉ በፊት ባለቤቱ

በሰሜን ሸዋ ራሳቸውን የቤተ እስራኤል ዘር አድርገው የሚያውቁ፣ በሽመና፣ በሸክላና በብረት ሥራ የኖሩ፣ አዲስ አበባ ቀጨኔ ከሚኖሩት ቤተ አብርሃም ከሚባሉት ሰዎች ጋር የሚዛመዱ ቤተሰቦች አሉ። ብዙዎቹ በጥበባቸው ምክንያት ክፉ ስም ሲለጠፍባቸውና ሲገለሉ ስለኖሩ እምነታቸውን በጓዳ ይዘው ቆይተዋል። ስለዚህ ስለ መጽሐፍ ከመጠየቃችሁ በፊት ስለ ምስጢር መነጋገር አለባችሁ። የባለቤቱ ስም፣ ቀበሌውና የቤቱ ምልክት በአንድ ደብተር፣ የመጽሐፉ ዝርዝር በሌላ ደብተር ይጻፍ። ሁለቱን የሚያገናኘው ቁጥር ብቻ ይሁን። የባለቤቶቹ ደብተር ተቆልፎ ይቀመጥ፤ በኮምፒውተር አይገባ፣ ፎቶም አይነሣ። በስልክ ተነሥቶ ቴሌግራም ላይ የወጣ አንድ ፎቶ ነጋዴ እቤት ድረስ ያመጣል።

ወደ ሽማግሌ ስትሄዱ በሚያውቋቸው ሰው በኩል ሂዱ፤ መጀመሪያ ቀንም ካሜራ አትያዙ። የምትናገሩት ግልጽ ይሁን፦ «አባቴ፣ መጽሐፉን ልንወስድ አልመጣንም። እርስዎ ባሉበት፣ እርስዎ እየገለጡ እናነሣዋለን፤ ቅጂው ለልጆችዎ ይቀራል። የማይነሣ ገጽ ካለ ይንገሩን፣ እንዘለዋለን።» እምቢ ካሉ አመስግኖ መመለስ ነው። ሁለተኛ መለመን በር ይዘጋል።

የቀን ምርጫ የአክብሮት ጉዳይ ነው። ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሥራው ሁሉ ያልቃል፤ ቅዳሜ ፀሐይ እስክትገባ ካሜራም እርሳስም አይነካም። ዓርብ ከሰዓት በኋላ የተጀመረ መጽሐፍ በጥድፊያ ስለሚገለጥ ብዙ ጊዜ ይቀደዳል። ዓርብን ለፋይል ሥራ ተዉት። ኦሪቱን ማን መንካት እንደሚችል፣ እጅ ከመታጠብ ሌላ የሚጠበቅ የንጽሕና ሥርዓት እንዳለ አስቀድማችሁ ጠይቁ። አንዳንድ ቤት ከካህኑ በቀር ማንም አይገልጥም፤ እንደዚያ ከሆነ እሳቸው ይገልጣሉ፣ እናንተ ታነሣላችሁ። ሥራው ይዘገያል፣ ግን ይሠራል።

ስምምነቱ በሁለት ቅጂ በአማርኛ ይጻፍ። መጽሐፉ የማን እንደሆነ፣ ምስሎቹን ማን ሊያይ እንደሚችል፣ በይፋ ይወጡ እንደሆነና ባለቤቱ ሐሳቡን ቢለውጥ ምን እንደሚደረግ ይካተትበት። ማንበብ ለማይችሉ ከቤተሰቡ ውስጥ የሚያምኑት ሰው ያንብብላቸው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማስወጣት ስለሚከለክል፣ የውጭ ዘመድ ወይም ጎብኚ «ለደኅንነቱ ልውሰደው» ቢል መልሱ ከወዲሁ በስምምነቱ ላይ የሰፈረ ይሁን። የወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ሥራችሁን ይወቀው። ነገር ግን ባለቤቱ ሳይፈቅዱ የቤት አድራሻ ለማንም አትስጡ።

ምን ዓይነት መጽሐፍ ይመጣል

የቤተ እስራኤል ቅዱስ መጽሐፍ በግእዝ የተጻፈ ኦሪት ነው። በአብዛኛው የሚገኘው አምስቱን የሙሴ መጻሕፍት ከኢያሱ፣ ከመሳፍንትና ከሩት ጋር በአንድነት ይዞ ነው። ጥቅልል ሳይሆን በእንጨት ገበታ የተጠረዘ የብራና መጽሐፍ ስለሆነ፣ በምኩራብ ያለ የዕብራይስጥ ጥቅልል ለሚጠብቅ ሰው መጀመሪያ ሲታይ የቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ይመስላል። ከኦሪት ሌላ ኩፋሌና ሄኖክ፣ ትእዛዘ ሰንበት፣ ሞተ ሙሴ፣ አርድእት፣ መጽሐፈ አባ ኤልያስ፣ መጽሐፈ መላእክትና ልዩ ልዩ የጸሎት መጻሕፍት ይገኛሉ። ትእዛዘ ሰንበትን በ1902 እ.ኤ.አ. በፓሪስ ያሳተመው በ1860ዎቹ መጨረሻ ኢትዮጵያ መጥቶ ቤተ እስራኤልን የጎበኘው ዮሴፍ ሃሌቪ ነው። የእሱ ኅትመትና በቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የቤተ እስራኤል ተመራማሪ የነበረው የያዕቆብ ፋይትሎቪች ስብስብ ያገኛችሁትን መጽሐፍ ለማነጻጸር ይረዳሉ።

መጽሐፉን ለመለየት ከመጀመሪያው መስመር ጀምሩ። በቤተ እስራኤል መጻሕፍት መግቢያ ብዙ ጊዜ የሚገኘው «ይትባረክ እግዚአብሔር አምላከ እስራኤል፣ አምላከ ኵሉ መንፈስ ወአምላከ ኵሉ ዘሥጋ» የሚለው ነው። በክርስቲያን መጽሐፍ በዚያ ቦታ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» ይቆማል። ከክርስቲያን ጸሐፊ የተገዛ ወይም የተገለበጠ መጽሐፍም አለ፤ እንዲህ ባለው ላይ መግቢያው ተፍቆ ሌላ ተጽፎበት ሊገኝ ይችላል። የተፋቀ ቦታ ካያችሁ መብራቱን በአንድ በኩል ብቻ፣ ከገጹ ወለል ጥቂት ከፍ አድርጋችሁ በአግድም አብሩበት፤ የብርዑ ጭረትና የፍቁ ሸካራነት በጥላው ይወጣል። እንዲያ አድርጋችሁ አንድ ተጨማሪ ፎቶ አንሡ። ፍቁን ለማስነበብ በውኃ ማራስ፣ በጣት ማሸት ወይም ኬሚካል መቀባት ፈጽሞ አይገባም። ያ ፍቅ ራሱ የመጽሐፉ ታሪክ ነው፤ መጽሐፉ ከማን ወደ ማን እንደተሻገረ የሚናገረው እሱ ነው።

አንድ ፍርድ ግን አትቸኩሉበት። መጽሐፉ ዳዊት ስለሆነ ብቻ «የክርስቲያን ነው» ብሎ ከመዝገብ ማስቀረት ስሕተት ነው፤ ዳዊት በሁለቱም ወገን ይጸለያል። በመዝገቡ ላይ የምታዩትን ጻፉ፣ የማን እንደሆነ ደግሞ ባለቤቱ የሚሉትን ጻፉ፤ ሁለቱ ባይገጥሙ እንኳ ለየብቻ ይቀመጡ።

ከብራናው ጎን በ20ኛው መቶ ዓመት የገቡ የታተሙ የዕብራይስጥ የጸሎት መጻሕፍት፣ ደብዳቤዎችና ፎቶዎችም ይመጣሉ። የእነዚህ ጠባይ ሌላ ነው። ብዙው የፋብሪካ ወረቀት በውስጡ ባለው አሲድ ይቢጫል፣ ሲታጠፍም ይሰበራል። ብራና የሚፈራው እርጥበት ነው፤ እንዲህ ያለው ወረቀት የሚፈራው ብርሃን፣ ሙቀትና ማጠፍ ነው። አንድ ሣጥን ውስጥ አታኑሯቸው፤ የወረቀቱ አሲድ ወደ ጎረቤቱ ይተላለፋል።

ክፍሉና አየሩ

ብራና ቆዳ ነው። እርጥበት ሲያገኝ ይለጠጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል። ከመድረቁም ከመርጠቡም ይልቅ የሚጎዳው ከአንዱ ወደ ሌላው መመላለሱ ነው፤ ቀለሙ ከቆዳው እኩል ስለማይለጠጥ ተሰነጣጥቆ ይረግፋል። የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት ከ45 እስከ 55 በመቶ ቢሆን ደግ ነው። ከ65 በላይ ቀናት ከቆየ ሻጋታ ይነሣል። ከ35 በታች ከወረደ ቅጠሉ ይደርቃል፣ ይጠቀለላል፣ ሲገለጥም ይሰነጠቃል።

ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ፣ ቀኑ ጠራራ ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ ሆኖ ኮርኒስ የሌለው ክፍል በአንድ ቀን ውስጥ በርዶ ይሞቃል፤ ጠዋት ቆርቆሮው ሥር የተጠራቀመው ጠል ይንጠባጠባል። ስለዚህ የመጀመሪያው ወጪያችሁ ኮርኒስ ይሁን። በአንኮበርና በጣርማ በር በኩል ደግሞ ችግሩ ጉም ነው፤ በክረምት መስኮት ከፍቶ «ማናፈስ» እርጥበት ማስገባት ነው። የእርጥበት መለኪያ ሁለት ግዙ፤ አንዱ ውስጥ፣ አንዱ ውጭ ይንጠልጠል። መስኮት የሚከፈተው የውጩ ከውስጡ ሲያንስ፣ የውጩም አየር ከክፍሉ ብዙ የማይሞቅ ሲሆን ብቻ ነው። ሞቃት አየር በቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ገብቶ ሲበርድ እርጥበቱ ይጨምራል። ርካሽ መለኪያ እስከ 10 በመቶ ይሳሳታል። ለማረም በትንሽ ክዳን ውስጥ ሁለት ማንኪያ የገበታ ጨው በጥቂት ጠብታ ውኃ አርሱ፤ ጨው እንደ እርጥብ አሸዋ እንጂ እንደ ወጥ አይሁን። ከመለኪያው ጋር በላስቲክ ከረጢት አሽጉና 12 ሰዓት አቆዩ። ትክክለኛ መለኪያ 75 በመቶ ያሳያል፤ 70 ካለ ሁልጊዜ 5 ትጨምራላችሁ።

ለመጻሕፍቱ የውስጥ ክፍል ምረጡ። መደርደሪያው ከውጭ ግድግዳ 10 ሳንቲሜትር፣ ከወለል ቢያንስ 15 ሳንቲሜትር ይራቅ። ቀለሙ በምድጃ የተጋገረ የብረት መደርደሪያ ከጥሬ የባሕር ዛፍ ጣውላ ይሻላል፤ አዲስ ጣውላ አሲድ ያተናል። በክፍሉ ወይም በአጠገቡ ኩበት አይነድ። የኩበትና የእንጨት ጭስ በቅጠሉ ላይ ቅባት ያለው ጥላሸት ይጥላል፣ ያም አቧራውን አጣብቆ ይይዘዋል።

ሲሊካ ጀል የሚባለውን ድርቀት ሰጪ ፍሬ ከመጽሐፍ ጋር በተዘጋ ሣጥን ጨምሮ መርሳት የተለመደ ጥፋት ነው። ፍሬው ማድረቁን የሚያቆምበትን አያውቅም፤ በሳምንት ውስጥ ብራናውን እንደ ጥብስ ቆዳ ያጨማድደዋል። ጥቅጥቅ ያለ የእንጨት ሣጥን ወይም ወፍራም ካርቶን፣ ውስጡ የጥጥ ጨርቅ የተደረገበት፣ የአየሩን መዋዠቅ በቂ ያህል ያበርደዋል።

መጽሐፉ ሲመጣ

መጽሐፍ የሚመጣው ባለቤቱ በራሳቸው ፈቃድ በአደራ ሲሰጡ ብቻ ነው። ያን ቀን ደረሰኝ ይጻፋል፤ የውጭ ገበታዎቹ፣ ጀርባው፣ የመጀመሪያና የመጨረሻ ቅጠሉ ፎቶ ይነሣል፣ የቅጠሉ ብዛት ይቆጠራል፣ ሁለቱ ወገን ይፈርማሉ።

ከሌሎቹ ጋር ከመቀላቀሉ በፊት በተለየ ክፍል፣ በነጭ ወረቀት ላይ ተቀምጦ፣ ውስጡን በሚያሳይ ላስቲክ ከረጢት ተሸፍኖ አራት ሳምንት ይቆይ። በየሳምንቱ ወረቀቱን እዩ። ዱቄት የመሰለ ብናኝ ከወደቀ በገበታው እንጨት ውስጥ ነቀዝ አለ። ሐር የመሰለ ድርና የተበላ ቆዳ ከታየ ብል ነው። በመንዝ ቤት መጽሐፍን በባና ወይም በዝተት መጠቅለል ክብር መስጠት ቢሆንም ብል ከሁሉ አስቀድሞ የሚበላው የበግ ጠጉር ነውና መጠቅለያውን በጥጥ ጨርቅ ለውጡት። ባናው ለባለቤቱ ተመልሶ ይሰጣቸው፣ አይጣል።

ነቀዝ ከተገኘ ማላታይን መርጨት፣ ናፍታሊን መጎዝጎዝ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ለእህል የሚደረገውን የነቀዝ ኪኒን መጠቀም ክልክል ነው። ኪኒኑ የሚያወጣው ጋዝ በተዘጋ ቤት ሰው ይገድላል፤ የብረት ማያያዣንም ይበላል። ደኅናው መንገድ ቅዝቃዜ ነው። መጽሐፉን በጥጥ ጨርቅ ጠቅልሉ፣ በሁለት ወፍራም ላስቲክ አየሩን አስወጥታችሁ አሽጉ፣ በፍሪዘር ውስጥ ከዜሮ በታች 18 ወይም 20 ዲግሪ ሁለት ሳምንት አቆዩ። መብራት በመካከል ለብዙ ሰዓት ከጠፋ ቀኑን እንደገና ከመጀመሪያው ቁጠሩ። ሲወጣ ላስቲኩ ሳይፈታ 24 ሰዓት በክፍሉ ሙቀት ይቆይ፤ ቶሎ ከተፈታ ጠሉ በቅጠሉ ላይ ይቀመጣል። ሥዕል ያለበት ወይም ቀለሙ የሚረግፍ መጽሐፍ ፍሪዘር አይገባም፤ እሱ ተለይቶ ይታሸግና ባለሙያ ይጠራለታል።

እጅና ብሩሽ

ጓንት አያስፈልግም። በሳሙና ታጥቦ በደንብ የደረቀ እጅ ከጥጥ ጓንት ይሻላል፤ ጓንት ያደረገ ጣት የቅጠሉን ጫፍ አይለይም፣ የላላውን ቀለምም ይጎትታል። ቅባት የነካው እጅ፣ ቀለበትና አምባር ይወገዱ። ቅጠል የሚገለጠው ከላይኛው ውጫዊ ጥግ መዳፍን ከሥሩ አስገብቶ ነው፤ በምራቅ አይነካም።

አቧራ የሚጠረገው በለስላሳ የጠጉር ብሩሽ ከጀርባው ወደ ውጭ ብቻ ነው። ቀለሙ የሚላጥበት ቦታ ላይ ብሩሹ አይደርስም። በላጲስ ማሸት፣ በእርጥብ ጨርቅ መወልወል፣ አልኮል መቀባት አይሞከርም። ምክንያቱ ቀለሙ ውስጥ ነው፤ የአገራችን ጥቁር ቀለም ከጥላሸትና ከማጣበቂያ የሚዘጋጅ ስለሆነ ብራናውን አይበላም፣ ለዘመናትም ይጠቁራል፤ ነገር ግን ብራናው ላይ ተለጥፎ የሚቀመጥ እንጂ ሰርጾ የሚገባ ስላልሆነ ውኃ ሲነካው ይነሣል። ቀዩ ደግሞ ከጥቁሩ ይልቅ ቶሎ ይለቃል።

ሻጋታ የያዘ መጽሐፍ መጀመሪያ ይደርቃል እንጂ አይጠረግም። እርጥብ ሻጋታ ሲጠረግ ይቀባል። ነፋሻማና ጥላ ባለበት ክፍል ገበታዎቹን ጥቂት ከፍቶ በየ20 ቅጠሉ መካከል ንጹሕ ነጭ መምጠጫ ወረቀት እያደረጉ፣ በቀን ሁለት ጊዜ እየለወጡ ማቆየት ነው። ፀሐይና የፀጉር ማድረቂያ ብራናን በደቂቃዎች ውስጥ ያኮማትራሉ፤ የተኮማተረ ብራና ደግሞ በቀላሉ አይመለስም። ሻጋታው ዱቄት ሲሆን በግቢ፣ አፍና አፍንጫን በኤን 95 ጭንብል ሸፍኖ ይጠረጋል። አስም ያለበት ሰው አይሥራው።

ስፌቱ የተፈታ፣ ገበታው የተሰነጠቀ፣ ጅማት የተበጠሰ መጽሐፍ እንዳለ ይቀመጥ። ሁለቱን ገበታ ይዞ በሰፊ የጥጥ ጥብጣብ በለዘብታ ማሰር ይበቃዋል። እንደገና መጠረዝ የድሮውን ቀዳዳ፣ የቀድሞውን ክርና የጥራዙን ቅደም ተከተል ያጠፋል፤ ለተመራማሪ ደግሞ የመጽሐፉ ዕድሜ የሚነበበው ከዚያ ጭምር ነው። ማኅደሩ (የመጽሐፉ የቆዳ መያዣ) ቢደርቅም ዘይትና ቅቤ አይቀባ፤ ቅቤው ወደ ቅጠሎቹ ይሰርጋል፣ አይጥም ይጠራል።

ለመጠቅለያ አቡጀዴ ግዙ። ሁለት ጊዜ በሙቅ ውኃ ያለ ሳሙና ታጥቦ ስታርቹ ይውጣ፤ ያልታጠበ አቡጀዴ ያለው ስታርች ነፍሳት ይስባል። መጽሐፉ ተጠቅልሎ ተጋድሞ ይቀመጥ፤ ከሁለት በላይ አይደራረብ። ማኅደር ያለው መጽሐፍ ማኅደሩ ጠባብ ከሆነ በማውጣትና በማስገባት ጠርዙ ስለሚፋቅ፣ ማኅደሩ በተመሳሳይ ቁጥር ለብቻው ይጠቅለል።

መዝገቡ

ለእያንዳንዱ መጽሐፍ አንድ ሉህ ይዘጋጅ። የገበታው ርዝመት፣ ስፋትና ውፍረት በሚሊሜትር፤ የቅጠል ብዛት፤ በገጽ ስንት ዓምድ፣ በዓምድ ስንት መስመር፤ ገበታው ከምን እንጨት፣ ቆዳ ለብሶ እንደሆነ፣ ድጉስ (በቆዳው ላይ የታተመ ጌጥ) እንዳለው። ከዚያ ጥራዞቹን፣ ማለትም አብረው የታጠፉትንና የተሰፉትን የቅጠል ክምሮች፣ ቁጠሩ። የብራና ጥራዝ ብዙ ጊዜ 8 ወይም 10 ቅጠል አለው። በመካከሉ 7 ቅጠል ያለው ጥራዝ ካገኛችሁ አንድ ቅጠል ጠፍቷል ወይም ጸሐፊው ነጠላ ቅጠል ሰፍቷል፤ ልዩነቱ የሚታወቀው ጽሑፉ ሳይቋረጥ መቀጠሉን በማንበብ ነው። ይህን ቆጠራ ሳይዙ ፎቶ የጀመሩ ሰዎች ሁለት ገጽ አብሮ መገለጡን የሚያውቁት ባለቤቱ መጽሐፉን ይዘው ከሄዱ በኋላ ነው።

ቅጠል ላይ ቁጥር መጻፍ ባለቤቱ ከፈቀዱ ብቻ፣ በ2ቢ እርሳስ፣ በትንሹ፣ በላይኛው የውጭ ጥግ ይሁን። ካልፈቀዱ ቁጥሩ በተለየ ቁራጭ ወረቀት ተጽፎ ከገጹ አጠገብ ተደርጎ ይነሣ።

በመጨረሻው ቅጠልና በኅዳጉ ላይ ያለውን ጽሑፍ ሁሉ ገልብጡ፤ የጸሐፊው ስም፣ ያስጻፈው፣ የውርስ ቃል፣ የብድር ማስታወሻ፣ የልጅ መወለድ። ከዋናው ጽሑፍ ይልቅ የአካባቢውን ሕዝብ ታሪክ የያዘው ይህ ነው። ዘመን ሲገኝ በዓመተ ዓለም ከሆነ 5,500 ቀንሱ፤ 7,350 ዓመተ ዓለም 1850 ዓ.ም. ነው። «ዓመተ ምሕረት» የሚለው ግን በድሮ መጻሕፍት በ532 ዓመት ዑደት የሚቆጠርበት ጊዜ ስላለ፣ የንጉሥ ስም ሳይገኝ ወደ ዛሬው አቆጣጠር አትለውጡት። እንዳለ ጻፉት።

ምስል ማንሣት

24 ሜጋፒክሰል ያለው ካሜራ ምስሉ 6,000 በ4,000 ነጥብ ነው። በረጅሙ በኩል 38 ሳንቲሜትር የሚያክል ቦታ ካስገባችሁ በኢንች 400 ነጥብ ታገኛላችሁ፤ ለንባብም ለምርመራም ይበቃል። ሰፋ ያለ ኦሪት ከሆነ አንድ ገጽ በአንድ ፎቶ፣ ትንሽ የጸሎት መጽሐፍ ከሆነ ሁለት ገጽ በአንድ ፎቶ ይነሣል። ካሜራው ፊቱን ወደ ታች አድርጎ ከገጹ ጋር ትይዩ ይሰቀል። ትይዩ መሆኑን ለማወቅ ትንሽ መስተዋት በገጹ ቦታ አስተኝታችሁ በካሜራው እዩ፤ የሌንሱ መካከል በፍሬሙ መካከል ከታየ ቀጥ ብሏል።

መብራቱ ሁለት ኤልኢዲ ይሁን፤ ከግራና ከቀኝ በ45 ዲግሪ፣ የቀለም ታማኝነቱ (ሲአርአይ የሚባለው መለኪያ) ከ90 በላይ የሆነ። ከካሜራው ጋር የሚመጣው ፍላሽ በብራናው ላይ ያንጸባርቃል፤ ስለዚህ ይጥፋ። አይኤስኦ 100፣ ቀዳዳው ኤፍ 8፣ ነጩ ሚዛን በእጅ የተስተካከለ፣ መተኮሻው በገመድ ወይም በ2 ሰከንድ መዘግየት። በመስኮት የሚገባ የቀን ብርሃን ከመብራቱ ጋር ሲቀላቀል የገጹ አንድ ወገን ሰማያዊ ስለሚሆን መስኮቱ በጥቁር ጨርቅ ይሸፈን።

መጽሐፉ 180 ዲግሪ አይዘረጋም። ከ100 እስከ 110 ዲግሪ እንዲከፈት ሁለት ተዳፋት ድጋፍ ከስፖንጅና ከአቡጀዴ ሥሩ። መጀመሪያ የቀኝ ገጾች ሁሉ፣ ከዚያ መጽሐፉ ዞሮ የግራዎቹ ይነሣሉ። በመጀመሪያው ፎቶ የመጽሐፉ ቁጥር፣ የቀለም ካርድና ማስመሪያ ይግባ። ማስመሪያው በየገጹ ጠርዝ ይቆይ፣ ጽሑፉን ግን አይንካ። ባዶ ገጽም ይነሣል። የተጠቀለለን ቅጠል በመስታወት አትጫኑት፤ ቀለሙ ከመስታወቱ ጋር ተጣብቆ ይነሣል። ጥጉን ጫፉ ስለት በሌለው የአጥንት ወይም የቀርከሃ ዘንግ በለዘብታ መያዝ ይበቃል።

የፋይል ስም በቁጥር ብቻ ይሁን፤ 007-015-1 ማለት ሰባተኛው መጽሐፍ፣ 15ኛ ቅጠል፣ ፊቱ ነው፤ ጀርባው 007-015-2 ይሆናል። በሮው (ካሜራው ሳያቀነባብር በሚሰጠው ጥሬ ፋይል) አንሡ፣ በቲፍ (ጥራቱ ሳይቀንስ በሚያስቀምጠው ፋይል) አስቀምጡ፣ ለባለቤቱና ለአንባቢ ጄፔግ (የታመቀ ትንሽ ፋይል) አውጡ። 120 ቅጠል ያለው መጽሐፍ በገጽ አንድ ቢነሣ 240 ምስል ነው፤ እያንዳንዱ ቲፍ 72 ሜጋባይት ገደማ ስለሆነ አንዱ መጽሐፍ ወደ 17 ጊጋባይት ይይዛል። ሃርድ ዲስክ ስትገዙ ይህን አስሉ። ሦስት ቅጂ ይኑር፤ ሁለቱ በተለያየ ዲስክ፣ ሦስተኛው በሌላ ከተማ። ኮምፒውተሩ መብራት ሲጠፋ በሚያቆየው ባትሪ (ዩፒኤስ) ይሥራ፤ በመገልበጥ ላይ ሳለ መብራት የጠፋበት ዲስክ ሙሉ መስሎ ጎዶሎ ፋይል ይይዛል። በዚህ ምክንያት ሜሞሪ ካርዱ የሚጸዳው ሁለቱ ቅጂዎች ተከፍተው፣ የፋይሉ ብዛትና መጠን ከካርዱ ጋር ተመሳክሮ ካለቀ በኋላ ብቻ ነው።

ድምፁ፣ ቁራጩ፣ ጉዞው

የቤተ እስራኤል ጸሎት ትልቁ ክፍል የተላለፈው በአፍ ነው። መጽሐፉን ብቻ አንሥቶ ዜማውን መተው ግማሹን መተው ነው። ባለቤቱ ከፈቀዱ ከሰንበትና ከበዓል ውጭ ባለ ቀን፣ ምንጣፍ በተነጠፈበትና ጋቢ በተሰቀለበት ክፍል፣ ማይክሮፎኑን ከአፋቸው 30 ሳንቲሜትር አርቃችሁ በ48 ኪሎኸርዝ፣ በ24 ቢት፣ ዌቭ በሚባለው ያልታመቀ ፋይል ቅዱ። አንድ ሰዓት በአንድ ቻናል 520 ሜጋባይት ያህል ነው። በስልክ መልእክት የተላከ ቅጂ ስለሚጨመቅ ለመዝገብ አይሆንም።

ከመጽሐፍ የተለየ ቅጠል፣ በማኅደር ታች የቀረ ፍርፋሪ፣ እሳት የበላው ጠርዝ አይጣልም። በአይሁድ ልማድ የእግዚአብሔር ስም ያለበት ያረጀ ጽሑፍ በክብር ይከማቻል ወይም ይቀበራል። ካህኑ «ይቀበር» ቢሉ አክብሩ፤ ከመቀበሩ በፊት ግን ሁለቱም ገጽ እንዲነሣ ለምኑ። የሚቀረው እያንዳንዱ ቁራጭ በየራሱ የታጠፈ ነጭ ወረቀት ይቀመጥ፣ የተገኘበት መጽሐፍ ቁጥርም ይጻፍበት።

ኦሪት በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ከሣጥን የሚወጣበት ቀን አለ፤ በሲግድ፣ በቤተ እስራኤል ዓመታዊ በዓል፣ በካህናቱ እጅ ሆኖ ወደ ከፍታ ይወጣል። ያን ቀን መከልከል አይገባም፤ መጽሐፍ የተጻፈው ለዚያ ነው። የሚሰባበረው ቅጠል ያለበት ከሆነ የሚሸከሙት አባት ሳይገልጡት በጥብጣቡ እንደታሰረ ቢይዙት ይሻላል። ዝናብ ካስጋ ጃንጥላና አንድ ላስቲክ አብሮ ይሂድ።

በመኪና ሲጓዝ መጽሐፉ በጨርቅ፣ ከዚያ በሣጥን ሆኖ በሰው ጭን ላይ ይቀመጣል፤ ፖርቶ መጋላ ላይ አይወጣም። ከደብረ ብርሃን ጣርማ በርን አልፎ ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ መጽሐፍ በጥቂት ሰዓት ከ1,400 ሜትር በላይ ይወርዳል፣ ከብርድ ወደ ቆላ ይገባል። ሲደርስ ሣጥኑ 24 ሰዓት ሳይከፈት ይቆይ።

ሁሉም መጽሐፍ በዓመት ሁለት ጊዜ ከሣጥን ወጥቶ ይታያል፤ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት በግንቦት፣ ከወጣ በኋላ ደግሞ በመስከረም መጨረሻ። በባለቤቶቹ ቤት ያሉትንም በዚያው ዙር ሂዱና እዩ። ደረሰኙን ከፎቶው ጋር አመሳክሩ፣ ቅጠሉን ቁጠሩ፣ ከሣጥኑ ሥር ያለውን ወረቀት ለብናኝ ፈትሹ፣ ማኅደሩን አሽትቱ፤ የአፈር ሽታ ካለው ሻጋታ ጀምሯል። ያያችሁትን በሉሁ ላይ ከቀኑና ከፊርማ ጋር ጻፉ፣ ለባለቤቱም በዚያው ሳምንት ንገሯቸው።